ሳይክሎን አዳማ ድረስ ይመጣል ወይ? ስለ ባሕር አውሎ ነፋስ ለአንዲት ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምኖረው አዳማ ነው። ባለፈው ሰሞን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሊጥል ሲል ድንገት የተነሳ ነፋስ የጎረቤቶቻችንን ቆርቆሮ ገንጥሎ መንገድ ላይ ጣለው። ሰፈሩ ሁሉ ሳይክሎን ነው እያለ ነው። አንዱ ቆቃ ቅርብ ስለሆነ ከሐይቁ ጉልበት ያገኛል ይላል። ሌላው ዓለም ስለሞቀ ከእንግዲህ እኛም ጋ መምጣቱ አይቀርም ይላል። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ኅዳርን ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው የሚያሳልፈው። ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚፈጠረው? ለምንስ አንዱ አገር አጥፍቶ ሲሄድ ሌላው ሳይደርስ ይከስማል? እኛስ ልንፈራ ይገባል?»

የጎረቤቶችሽን ቆርቆሮ የገነጠለው ሳይክሎን አይደለም። ትንሽ ሳይክሎን ወይም ጀማሪ ሳይክሎንም አይደለም። «ዝናብ ሊጥል ሲል ድንገት» ያልሽው ራሱ መልሱን ይዟል። የነጎድጓድ ደመና ዝናቡን መልቀቅ ሲጀምር፣ ጠብታው በደረቅ አየር ውስጥ ስለሚወርድ ከፊሉ መሬት ሳይደርስ ይተናል። የሚተን ውኃ ደግሞ ከአየሩ ሙቀት ይወስዳል። አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ወደ ታች ይወድቃል። መሬት ሲመታ መሄጃ ስለሌለው ወደ ጎን በኃይል ይበተናል። መጀመሪያ አቧራውን አስነስቶ፣ ቀጥሎ ቀዝቃዛ አየርና የዝናብ ሽታ ይዞ የሚመጣው እሱ ነው። አምስት አስር ደቂቃ ሰፈሩን ያተራምሳል፣ ቆርቆሮ ይገነጥላል፣ ዛፍም ይጥላል። ከዚያ ከደመናው ጋር አብሮ ያልቃል።

በበጋ ደግሞ ጠራራ ፀሐይ ላይ እየተሽከረከረ አቧራና ፌስታል ወደ ሰማይ የሚያጎን አዙሪት አለ። አዳማ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ያም ሌላ ነው። ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ከመሬቱ ጋር የተጠጋው አየር ከላይኛው ይልቅ በጣም ይሞቅና በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ሲወጣ መዞር ይጀምራል። ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሜትር ነው፣ ትልልቆቹ ብቻ በአሥሮች ሜትር ይደርሳሉ። ደመና እንኳን አያስፈልገውም። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሊዞር ይችላል። ሳይክሎን ግን ወደፈለገው አይዞርም፣ ምክንያቱን እመጣበታለሁ። ከተማዋ ደግሞ ድሮም ነፋሻ ናት። የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ እዚያ የተተከሉት ስምጥ ሸለቆውን ተከትሎ የሚነፍሰው ነፋስ የሚታመን ስለሆነ ነው። አሁን የመጣ አዲስ ነገር የለም።

ሳይክሎን በመጠኑ ከእነዚህ ጋር አይወዳደርም። ስፋቱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይለካል። በአየር መስመር አዳማን ከጅቡቲ የሚለየውን ርቀት ሙሉ የሚሸፍኑ አሉ። ዕድሜውም ቀናት ነው፣ አንዳንዴ ሳምንታት። በ2015 ሕንድ ውቅያኖስን ከአውስትራሊያ አቅራቢያ እስከ ሞዛምቢክ አቋርጦ ማላዊን ያጥለቀለቀው ፍሬዲ 36 ቀን ቆይቷል፣ በታሪክ ረጅም ዕድሜ የተመዘገበለት እሱ ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አትላንቲክ ላይ ሃሪኬን፣ ምዕራብ ፓስፊክ ላይ ታይፉን፣ እኛ አቅራቢያ ሳይክሎን ይባላል። ነገሩ አንድ ነው።

አሁን ወደ አፈጣጠሩ። ብዙ ሰው ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር ሲጋጩ የሚፈጠር ይመስለዋል። አውሮፓን በክረምታቸው የሚመታው ማዕበል እንደዚያ ነው። የሐሩር ክልል ሳይክሎን ግን የሚነሳው ዙሪያው ሁሉ ሞቃት በሆነበት ቦታ ነው። ጉልበቱ የሚመጣው ከሙቅ ባሕር በሚተን ውኃ ውስጥ ከተደበቀ ሙቀት ነው። የፈላ ድስት ክዳን ስታነሺ እንፋሎቱ እጅሽን እንዴት እንደሚያቃጥል ታውቂያለሽ። እንፋሎቱ ቆዳሽ ላይ ተመልሶ ውኃ ሲሆን ሲተን የወሰደውን ሙቀት ሁሉ እዚያው ይለቃል፣ የሚያቃጥለው ያ ነው። ባሕር ላይም እንደዚያ ነው። ውኃው ሲተን ሙቀት ይዞ ይወጣል፣ ከፍታ ላይ ደመና ሲሆን ሙቀቱን ይለቃል። ከእያንዳንዱ ኪሎ ግራም እንፋሎት 2.5 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይለቀቃል። ሳይክሎን በቀን የሚያወርደውን ዝናብ ስታስቢው ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባሻል።

ያ ሙቀት አየሩን ይበልጥ ያቀለዋል፣ አየሩም ይበልጥ ይወጣል። ከታች ባሕሩ ላይ ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል። ግፊቱ ሲቀንስ ዙሪያው ያለው አየር ወደ መሃል ይሮጣል። ሲሮጥ ባሕሩን ይጠርገዋል፣ ትነቱ ይጨምራል። ትነቱ ሲጨምር ሙቀቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይብስ ይወርዳል። ይሄ የትነት፣ የሙቀትና የነፋስ ክብ አንዴ ከተዘጋ ራሱን በራሱ እያጠነከረ ይሄዳል። ሳይክሎን ባሕሩን መጥጦ ወደ ሰማይ ያወጣዋል የሚባለው ስህተት ነው። የሚያወርደው ዝናብ ጨዋማ አይደለም፣ ምክንያቱም ወደ ላይ የወጣው እንፋሎት ነው።

ግን ክቡ እንዲዘጋ ብዙ ነገር መገጣጠም አለበት። ለዚህ ነው በየቀኑ ሳይክሎን የማይወለደው። ባሕሩ ከ26.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ መሞቅ አለበት፣ ያውም ከላይ ገጹ ብቻ ሳይሆን እስከ 50 ሜትር ጥልቀት ድረስ። ሙቀቱ ስስ ሽፋን ብቻ ከሆነ ነፋሱ ራሱ ባሕሩን አማስሎ ቀዝቃዛውን ከታች ያወጣዋል፣ ነገሩም ሳይጀምር ያበቃል። ከባሕሩ በላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየርም እርጥብ መሆን አለበት። ደረቅ ከሆነ ደመናውን ይበላዋል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፣ እኔ ግን የሳተላይት ምስል ሳይ ከሁሉ በፊት የምፈልገው እሱን ነው፦ ከታች የሚነፍሰው ነፋስና 12 ወይም 15 ኪሎ ሜትር ላይ የሚነፍሰው ነፋስ በፍጥነትና በአቅጣጫ ብዙ መለያየት የለባቸውም። ከተለያዩ የላይኛው ነፋስ ደመናውን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል፣ ሙቀቱ ከመሃሉ በላይ መከማቸት ያቅተዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ዘር ያስፈልጋል። ሳይክሎን ከባዶ አይነሳም። አስቀድሞ ተሰብስቦ የሚንቀሳቀስ የነጎድጓድ ደመና ስብስብ መኖር አለበት። እዚህ ላይ ነው የኛ አገር የሚገባው፣ ይሄን ባወራሁት ቁጥር ሰው አያምነኝም። በክረምት ከሰዓት በኋላ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የሚገነባው ነጎድጓድ አንዳንዱ እዚሁ አይቀርም። በሦስት አራት ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚነፍሰው ነፋስ ተይዞ ሱዳንን፣ ቻድን፣ ኒጀርን ያቋርጣል። እየጠፋ እየተነሳ በሞገድ መልክ ምዕራብ አፍሪካ ደርሶ አትላንቲክ ላይ ይወጣል። ባሕሩና ነፋሱ ከተመቹት ሃሪኬን ይሆናል። ተመራማሪዎች በዝርዝር የተከታተሉት አንዱ በ1992 ሐምሌ መጨረሻ የተወለደው አልቤርቶ ነው። ጅማሮው እዚህ ተራራችን ላይ የተሰበሰበ የነጎድጓድ ደመና ነበር። አትላንቲክ ላይ ሲጎለብት ነፋሱ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር አለፈ፣ ሦስት ሳምንት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ውቅያኖሱ ላይ ሲንከራተት ቆይቶ ከሰመ። በየዓመቱ 60 ገደማ እንደዚህ ያሉ ሞገዶች ከአፍሪካ ወደ አትላንቲክ ይወጣሉ። አብዛኞቹ ምንም አይሆኑም። ግን አትላንቲክ ላይ ከሚነሱት በጣም ኃይለኛ ሃሪኬኖች የአብዛኞቹ ዘር ከእነዚህ ነው። ስለዚህ ጥያቄሽን ገልብጬው፣ ሳይክሎን ወደኛ ከሚመጣ ይልቅ ዘሩ ከኛ መሄዱ ይቀላል እላለሁ።

መዞሩስ? የሚያዞረው የመሬት መሽከርከር ነው። ወደ መሃል የሚሮጠው አየር መሬት ስለምትዞር መንገዱን ይስታል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ ቀኙ፣ በስተደቡብ ወደ ግራው ይታጠፋል። ስለዚህ ከላይ ሲታይ የሰሜኑ ሳይክሎን ሁልጊዜ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ፣ የደቡቡ ደግሞ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራል። የአዳማው አቧራ አዙሪት በጣም ትንሽ ስለሆነና ደቂቃዎች ብቻ ስለሚቆይ የመሬት መሽከርከር አይነካውም። ምድር ወገብ ላይ ደግሞ ይሄ የማጠፍ ኃይል ባዶ ነው፣ በሁለቱም በኩል እስከ 5 ዲግሪ ድረስ ደካማ ነው። የኬንያ ባሕር ዳርቻ ሳይክሎን እምብዛም የማያውቀው ለዚህ ነው።

አዳማ 8.5 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። መዞሩ ይበቃን ነበር፣ የሌለን ባሕር ነው።

ቆቃስ? ቆቃ አይሆንም። ሳይክሎን ክቡን ለመዝጋት በመቶዎች ኪሎ ሜትር የተዘረጋ፣ እስከ ጥልቀቱ የሞቀ ውኃ ይፈልጋል። ቆቃ ሰው የሠራው፣ ከዚህ ጋር ሲተያይ ኩሬ የሚባል ውኃ ነው። ሐዋሳ ሐይቅም፣ ጣናም ቢሆን ያው ነው። ሐይቅ አካባቢውን ሊያረጥብ፣ ማታ ማታ ነጎድጓድ ሊያግዝ ይችላል። ሳይክሎን አይወልድም፣ የመጣውንም አይመግብም።

«እሺ፣ ቀይ ባሕርስ?» ትይኛለሽ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ደቡባዊው ቀይ ባሕር በኛ ክረምት ወራት ከ30 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ከብዙ ሳይክሎን ወላጅ ባሕሮች ይበልጣል። ግን ጠባብ ነው፣ በሁለቱም በኩል በረሃ ነው። ከበረሃው የሚገባው ደረቅ አየር ደመናውን ይገድለዋል፣ በዚያ ላይ የላይኛውና የታችኛው ነፋስ አይስማሙም። ሙቀት ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ዓለም ስለሞቀ ሳይክሎን የትም ይመጣል የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይወድቃል።

እኛን የሚመለከተን ባሕር የዓረብ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። እዚያ ሳይክሎን በዓመት ሁለት ወቅት አለው፦ ግንቦትና ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ከዚያ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። መሃል ላይ፣ የኛ ክረምት ሲሆን፣ ጸጥ ይላል። ምክንያቱ በሶማሊያ ዳርቻ የሚነፍሰው ኃይለኛው የክረምት ነፋስ ነው። የላዩን ውኃ ከዳርቻው እየገፋ ቀዝቃዛውን ከጥልቁ ያወጣል፣ ከላይ ደግሞ ነፋሱ በተቃራኒው በፍጥነት ይነፍሳል። ለሳይክሎን ከዚህ የባሰ ቦታ የለም። ባለቤትሽ በኅዳር መንገድ ላይ መሆኑን መጻፍሽ ጥሩ ነው፣ ሁለተኛው ወቅት ውስጥ ነው።

አጎለባበቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ነፋሱ በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ስም ይሰጠዋል። 119 ሲያልፍ አትላንቲክ ላይ ሃሪኬን የሚሉት ደረጃ ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ በዚህ መሃል ዓይን ይከፍታል። መሃሉ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ አየር ደመናውን ያጠፋዋል፣ በሳተላይት ጥርት ያለ ክብ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል። እዚያ ውስጥ ነፋሱ ጸጥ ይላል፣ አንዳንዴም ሰማይ ይታያል። ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። አለፈ ብሎ ከቤት ይወጣል። በዓይኑ ዙሪያ ያለው የደመና ግድግዳ ግን የሳይክሎኑ ኃይለኛው ነፋስ ያለበት ነው፣ ሁለተኛው ጎኑ ከተቃራኒ አቅጣጫ ይመጣል።

ባሕሩ እስከ ጥልቀቱ ከሞቀ፣ የላይኛው ነፋስ ካልረበሸው፣ ከላይ የወጣው አየርም በነጻ መበተን ከቻለ ጉልበቱ በሰዓታት ውስጥ ይፈነዳል። በኅዳር 2013 ሶማሊያን የመታው ጋቲ በ12 ሰዓት ውስጥ ነፋሱ ከ65 ገደማ ወደ 185 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወጣ። ትንሽ፣ የታመቀ ሳይክሎን ነበር፣ ትንንሾቹ ቶሎ ይጠነክራሉ፣ ቶሎም ይወድቃሉ። ራስ ሃፉን አካባቢ ወደ የብስ ገባ። መመዝገብ ከተጀመረ ወዲህ በዚያ ጉልበት ሶማሊያን የመታ የመጀመሪያው ነበር። በእንዲህ ያለው ላይ ትንበያ ይቸገራል። መንገዱን ከሦስት አራት ቀን በፊት በጥሩ ሁኔታ መናገር ይቻላል። ጉልበቱን ግን ዛሬም ከመንገዱ ይልቅ እንቸገርበታለን። ስለዚህ «ገና ደካማ ነው» የሚል ዜና ሰምተሽ አትዘናጊ።

አከሳሰሙ የአወላለዱ ግልባጭ ነው። ቀዝቃዛ ባሕር ላይ ከገባ ይደክማል። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ከቀረም ራሱ ባሕሩን አማስሎ ያቀዘቅዘውና ራሱን ያደክማል። የላይኛው ነፋስ ከበረታ ይቀደዳል፣ ደረቅ አየር ከገባበት ይከሳል። ከሁሉ በላይ የሚገድለው የብስ ነው። ሰው ተራራ ገጭቶ የሚቆም ይመስለዋል። ተራራ ያግዛል፣ ግን ዋናው ነገር ከባሕሩ መቆረጡ ነው። ሜዳ የብስ ላይ እንኳን ብዙውን ጊዜ በግማሽ ቀን ውስጥ ነፋሱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል፣ በሁለት ቀን ሳይክሎን የሚባል ነገር አይቀርም።

የሚቀረው ዝናቡ ነው። ይሄ የምላሼ ዋና ነጥብ ስለሆነ ልብ በይ። ነፋሱ ሲሞት እርጥበቱ አብሮ አይሞትም። በ2011 የመታውን ኢዳይን ተመልከቺ። የካቲት መጨረሻ ላይ ገና ስም ሳይወጣለት፣ በነፋሱ ማንም ሳይፈራው፣ ሞዛምቢክ ገብቶ ማላዊ ውስጥ ጭምር ሰው የገደለ ጎርፍ አወረደ። ከዚያ ዞሮ ወደ ሙቁ የሞዛምቢክ ባሕር ተመለሰ፣ እዚያ ጎለበተ፣ መጋቢት 5 ሌሊት ቤይራ ከተማን በሙሉ ጉልበቱ መታ። ወደ ውስጥ ገብቶ ነፋሱ ሲከስም ደግሞ ዝናቡ ለቀናት ቆመ አላለም፣ ሜዳው ከሩቅ ባሕር እስኪመስል ድረስ ተጥለቀለቀ። በአጠቃላይ ከሺህ በላይ ሰው አለቀ። አንዱ ሳይክሎን ሁለት ጊዜ ደክሞ ሁለቱንም ጊዜ በውኃ ገደለ።

አሁን አዳማን እይ። ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚመጣ ሳይክሎን ሶማሊያንና ኦጋዴንን በሙሉ ማቋረጥ አለበት። በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል የሚመጣ ደግሞ ወይ የአፋርን ደረቅ ሜዳ ወይ የጨርጨርን ተራሮች ማለፍ አለበት። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ባሕር የሌለው መሬት ነው። በዚያ ላይ ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፣ የሳይክሎን ኃይለኛው ነፋስ ደግሞ ከታችኛው አንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ሳይክሎን እንደ ሳይክሎን አዳማ አይደርስም። ሐዋሳም አይደርስም። ባሕሩ ሁለት ዲግሪ ቢጨምርም ይሄ አይለወጥም።

ድንበራችን ላይ ግን ሌላ ነው። በግንቦት 2010 ሳጋር የሚባለው ሳይክሎን የኤደን ባሕረ ሰላጤን ይዞ ወደ ምዕራብ ሄደ፣ ግንቦት 11 በሶማሌላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ ገባ። ከዚያ አካባቢ ባሕሮች ከተነሱት ውስጥ ያን ያህል ወደ ምዕራብ ዘልቆ የብስ የመታ እስከዚያ ድረስ አልተመዘገበም ነበር። ነፋሱ ከትልልቆቹ ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነበር። ዝናቡ ግን አንዳንድ ቦታ ላይ የዓመቱን ያህል በአንድ ቀን አወረደ። ሶማሌላንድ፣ ጅቡቲና የኛው ሶማሌ ክልል በጎርፍ ተመቱ። ደረቅ መሬት ውኃ አይጠጣም፣ ሁሉም ወደ ሸለቆው ይወርዳል።

በዚያው ወር ኦማንን የመታው መኩኑ፣ በጥቅምት 2011 ደግሞ ሉባን፣ ያን ሰው የማይኖርበትን የዓረብ በረሃ አራሱት። አሸዋው ላይ ሣር በቀለ፣ የበረሃ አንበጣ ማንም ሳያየው ትውልድ በትውልድ ላይ ፈለፈለ። በ2012 እህላችን ላይ የወረደው መንጋ ከዚያ የተነሳ ነው። በኅዳር 2012 ፓዋን የሚባለው ሳይክሎን ሶማሊያን አጠጥቶ ለመፈልፈያ ተጨማሪ ቦታ ሰጠው። ሳይክሎኑን አይተን አናውቅም፣ መንጋውን ግን ሁላችንም አይተነዋል። ሌላም አለ፦ ከየካቲት ጀምሮ ማዳጋስካር አካባቢ ሳይክሎን ሲበዛ እርጥበቱ ወደዚያ ይሳባል፣ የኛ በልግ ይሳሳል። በልግ የሚያርስ ዘመድ ካለሽ ከአዳማ ሰማይ ይልቅ የማዳጋስካርን ዜና ቢሰማ ይጠቅመዋል።

መሞቁን በተመለከተ የተረጋገጠው ይሄ ነው። የሳይክሎኖች ቁጥር በዓለም ደረጃ ይጨምራል ብሎ የሚያስማማ ማስረጃ የለም። ከተወለዱት ውስጥ የኃይለኞቹ ድርሻ ግን ይጨምራል፣ ዝናባቸውም ይጨምራል፣ ምክንያቱም አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል። የዓረብ ባሕር ላይ ለውጡ ይታያል። ከሰኔ 2011 እስከ ኅዳር 2012 ባለው ጊዜ ብቻ አምስት ሳይክሎን ተነስቷል፣ በተለመደው ዓመት አንድ ወይም ሁለት ነበር። ስለዚህ የሰፈርሽ ሰው መፍራቱ ልክ ነው፣ የፈራው ነገር ነው የተሳሳተው። ወደኛ የሚደርሰው ውኃው እንጂ ነፋሱ አይደለም።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። አዳማ ላይ ስለ ሳይክሎን አታስቢ፣ ስለ ጣሪያሽ አስቢ። ነፋስ ቆርቆሮን የሚያነሳው ከታች ስለሚገፋው ብቻ አይደለም። በላዩ ሲያልፍ ወደ ላይ ይስበዋል፣ ይበልጥ የሚስበው ደግሞ ጠርዙንና ማዕዘኑን ነው። ስለዚህ ጠርዝ ላይ ምስማሩን አብዢ፣ ቆርቆሮውን ከሞራሌው፣ ሞራሌውን ደግሞ ከግድግዳው ጋር በጠንካራ ሽቦ አሳስሪ። የዛገ ምስማር ካለ ክረምቱ ሳይገባ አስቀይሪው። ጣሪያ ላይ ድንጋይና አሮጌ ጎማ መጫን ዋጋ የለውም። ነፋሱ ቆርቆሮውን ካነሳው ድንጋዩ ሰው ላይ ነው የሚወርደው።

ለባለቤትሽ ደግሞ ሥራውን እንዲተው አልልም። ኅዳርም ይሂድ። ግን ከግንቦት እስከ ሰኔ መግቢያና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ድረስ ከመነሳቱ በፊት የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትን መረጃ ይይ። ለዚያ ባሕር ዋናው ማስጠንቀቂያ የሚወጣው ከኒው ዴልሂ ነው፣ እሱንም በስልክ ማግኘት ይቻላል። ስም የወጣለት ሳይክሎን ሶኮትራ ደሴትን አልፎ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ከገባ፣ ነፋሱ የፈለገውን ያህል ደካማ ቢባል፣ ሁለት ሦስት ቀን አይውጣ። መንገድ ላይ ከደረሰበት ሰመራ ወይም ሎጊያ ይቁም፣ ወደ ጋላፊ አይግፋ። በደወሌ በኩል ከሆነ ድሬዳዋ ላይ ይጠብቅ። ጅቡቲ ውስጥ ከሆነ ባሕሩ ዳር መኪናውን አያሳድር፣ ሳይክሎን ባሕሩን ወደ የብስ ይገፋዋል።

ደረቅ ወንዝ ውስጥ ማቆምና ማደር በፍጹም የለም፣ ሰማዩ ጥርት ቢልም። ጎርፉ የሚመጣው ሌላ ቦታ ከዘነበ ዝናብ ነው። መንገዱን ውኃ ካቋረጠው የአስፋልቱ ጠርዝ ካልታየ አይግባ። ጉልበት የማይሞላ ውኃ የቤት መኪና ይወስዳል። ከባድ መኪና ከብዶ ይቆማል ብሎ መተማመንም ልክ አይደለም፣ ተሳቢው ባዶ ከሆነ ውኃው መጀመሪያ እሱን ነው ጎትቶ የሚያዞረው፣ መሪው ምንም አያደርግለትም። ረዳቱን ጥልቀት እንዲለካ ውኃው ውስጥ ማስገባት የሚባለው ልማድም ይቅር። ጎርፍ ከስሩ ያለውን አስፋልት ሊበላው ይችላል፣ ልጁ ከቆመበት አንድ እርምጃ በኋላ መንገድ አለመኖሩን ከላይ ሆኖ ማንም አያይም። ውኃው እስኪጎድል ይቁም። በዚያ አገር ጎርፍ እንደመጣው ቶሎ ይወርዳል፣ ብዙ ጊዜ የሚያስጠብቀው ሰዓታት ነው።